አልነሳ ስላለው ቅንድቤ ለውበት ክሊኒኩ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የውበት ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፤

እርስዎ፣ መርፌ የሚወጉት ባለሙያዎችዎ፣ እንዲሁም በመቆያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቀን ከሌት የሚስቁት ባለፎቶዎች እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከግንባሬ በታችም ከግንባሬ በላይም ደኅና ነኝ።

ራሴን ላስታውስዎ። የሰፈራችን መዘምራን ቡድን መሪና ፒያኖ ተጫዋች ነኝ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ሲሆን በቅጻችሁ ላይ ግን ሃምሳ ሁለት ብዬ ሞልቻለሁ። ለአሥረኛ ዓመት ኮንሰርታችን ፖስተር የተነሳሁትን ፎቶ ሳይ ግንባሬ የታረሰ ማሳ ስለመሰለኝ፣ ማንም ሳይገፋኝ በሁለት እግሬ ደጃችሁ መጣሁ። ስለ መልካም መስተንግዷችሁ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ጥቃቅን ጉዳዮችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሁለቱም እጆቼ ፒያኖው ላይ ስለሚውሉ፣ ቡድኑን የምመራው በቅንድቤ ነው። ግራውን ሳነሳ ሴቶቹ ይገባሉ፣ ቀኙን ሳነሳ ወንዶቹ፣ ሁለቱን ስሰበስብ ሁሉም ዝም ይላል። ሌላ ምልክት አላስተማርኳቸውም። የግንባር መጨማደድ የሚያጠፋውን መርፌያችሁን በተወጋሁ በአምስተኛው ቀን ቅንድቤ አልነሳ ብሎኝ፣ የመዝሙሩን መግቢያ አራት ጊዜ ደጋግሜ ስጫወት፣ ሃያ ስድስት ሰው አፉን ከፍቶ ግንባሬን ሲጠብቅ ቆየ።

፪. በሳምንቱ የግራ ዓይኔ ቆብ ወረደ። ከፊት ረድፍ የምትዘምረው የሰባ ዓመት ጡረተኛ አዋላጅ፣ ይኼ ሰውዬ በዚህ ዕድሜው ይጠቅሰኛል ብላ እዚያው ቡድን ውስጥ ላለችው ባለቤቴ አቤት አለች። ባለቤቴ ጉዱን የሰማችው ያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከመርፌው ወዲህ የያዘኝን ራስ ምታት በሥራ ብዛት እያሳበብኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስክዳት ነበር።

፫. ኮንሰርቱ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው የቡድናችን ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ከባዶ ያቋቋምኩትን ቡድን ሌላ ሰው እንዲመራው ወሰነ። አልደብቅዎትም፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ እያለቀስኩም ፊቴ በጣም ዘና ያለ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው ቢሉ፣ የእኔው ነው። ባለሙያዎ ቅጹን እንዳነብ ሦስት ጊዜ ለምናኛለች። መነጽር ሽማግሌ ያስመስለኛል ብዬ ሳላነብ ራሴን ስነቀንቅ፣ ገልብጬ የያዝኩትን ወረቀት ያቃናችልኝም እሷ ነች። ትናንት መነጽሬን አድርጌ ሳየው ራስ ምታቱም፣ የዓይን ቆብ መውረዱም፣ ሦስት አራት ወር መቆየቱም ተጽፏል። ሥራዎ የፊት እንቅስቃሴ ይፈልጋል ወይ ለሚለው «በፍጹም» ያልኩትም እኔው ነኝ። ፊደሉን እንዲያ ማሳነሳችሁም፣ ደንበኞቻችሁ ሁሉ ለማንበብ በምንቸገርበት ዕድሜ ላይ መሆናችንን ዘንግታችሁ ነው እንጂ ሆን ብላችሁ ነው ብዬ ክፉ አላስብም።

ከታላቅ አክብሮትና ከለሰለሰ ግንባር ጋር፣
ቢናደድም የማይታወቅበት ታዛዥ ደንበኛችሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮንሰርቱ ተሳክቷል። በገዛ ቅንድቧ የመራችው ባለቤቴ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ቅንድቤን ስታነብ ስለኖረች ልምምድ እንኳ አላስፈለጋትም፣ ሁሉም በሰዓቱ ገባ። ኮሚቴውም የእኔ ቅንድብ ቢመለስም እሷ ትቀጥል ብሏል። ለሁለተኛው መርፌ የላካችሁልኝ የቅናሽ ካርድ ደርሶኛል። ለእሷ ልሰጣት ብዬ ሽክ ባለ ፖስታ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። ከፈተችው፣ አነበበችው፣ ሁለቱን ቅንድቦቿን ሰበሰበች። ዝም አልኩ።