በሕፃን ጫማ ውስጥ የሞላሁት አፈር

እታገኝ፣ አንቺ ቀዳሚዬ፣

አሊዩ አምባ ገበያ ስንወርድ በሩን እኔ እንድቆልፍ ትተሽኝ ትሮጪ ነበር፤ አሁንም እንደ ልማድሽ ቀድመሽኝ ሄድሽ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አትቸኩዪ፣ እመጣለሁ። ዛሬ ግን ሥራ አለብኝ፤ ሥራዬም መጨነቅ ነው።

ልጃችን ብርቄ ዛሬ ጠዋት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ጊዜዋ ገና ነበር። ባሏ ታዬ ከፋብሪካ አስፈቅዶ አብሯት ሄዷል። እኔ ከልጃቸው ከቃል ጋር ቤት ቀርቼ ስልኩን አፍጥጬ አየዋለሁ፤ እሱም አፍጥጦ ያየኛል። ቃል «አባባ፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ስትነዘንዘኝ ብዕር አንስቼ ወደ አንቺ ሸሸሁ።

የቤቱን ልንገርሽ። የአንኮበሩን ቤት ዘግቼ ደብረ ብርሃን ብርቄ ዘንድ ገባሁ። የእኛ አገር ብርድ ጨዋ ነው፤ የዚህኛው ሳያንኳኳ ይገባል። ልጆቹ ሲያድጉ የጠበባቸውን ጫማ ሁሉ ታጠራቅሚበት የነበረውን ጆንያም ተሸክሜ መጣሁ። ደህና ደህናውን ለጎረቤት ልጆች ሰጠን። አንድ እግሩ የጠፋው፣ አፍንጫው የተቀደደው ቀረ። ብርቄ ልጣለው ስትል «ያረጀ ሁሉ ከተጣለ እኔስ የት ልደር?» አልኳት፤ ጆንያውን መለሰችልኝ።

ከዚያ በወስፌ ሶሉን እየበሳሁ፣ አፈር እየሞላሁ አበባ ተከልኩበት። ቦቲዎቹን አጥሩ ላይ ቸነከርኳቸው። የብርቄ የተማሪነት ጥቁር ጫማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እርሳስ ይይዛል፤ አንዱ ኮንጎ ጫማ የቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል። ያንቺን ፎቶ እንኳ በሰንደል ሶል ከብቤዋለሁ፤ ከግድግዳው ላይ አኩርፈሽ የምታዪኝ ለዚያ ይመስለኛል። ቃል ደግሞ ቀለም ትቀባልኛለች፤ ከጫማው ይልቅ የሚቀባው እጇ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነቡ አይታ «አባባ፣ ይሄ ቤት እግር አውጥቶ ሊሄድ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አከራዩን ካየ እንኳን መሄድ ይሮጣል» አልኳት።

ከጆንያው ሥር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ አንድ ጥንድ ነበር። ቀይ፣ መዳፌን የማይሞላ፣ ቃል መጀመሪያ ቆማ የሄደችበት። ለምን ለብቻው እንደቋጠርሽው ማንን ልጠይቅ? በጣም ስላማረኝ ከአንኮበሩ ጓሯችን ባመጣሁት አፈር ሞልቼ፣ ጦስኝ ተክዬበት፣ ከብርቄ መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ሰቀልኩት።

ለካ ብርቄ ያኔ ነፍሰ ጡር ኖራለች! የፊተኛው ፅንስ ከጨነገፈባት ወዲህ፣ አንቺ ነሽ ያስታመምሻት፣ ሆዷ እስኪታወቅ ላትናገር ወስናለች። ለአባትስ ማን ይናገራል? እንዲህ ያለው ወሬ ወደ እኔ የሚደርሰው በአንቺ በኩል ነበር። በአረማመዷ ብቻ ታውቂና በክርንሽ ጎሸም ታደርጊኝ ነበር። አሁን ጎሻሚ የለኝም። ሆዷ ሲገፋ እኔም አወቅኩ፤ ቀዩን ጫማ ግን ከሆዷ ጋር አላገናኘሁትም።

ያገናኘችልኝ ወይዘሮ ዘነቡ ናት። ከትናንት በስቲያ መስኮቱ ጋ ቆማ ደረቷን መታች። «ውይ አባባ! ይሄ እኮ ለሚመጣው የተቀመጠ ነው። የሕፃን ጫማ አፈር ይሞላል?» ላልተወለደ ልጅ አዲስ ነገር አይገዛም፤ በደህና ቆሞ የሄደ ልጅ ጫማ ግን ለተከታዩ ይቀመጣል። ይህን እኔም አላጣሁትም ነበር።

ታውቂኛለሽ፤ ጥቁር ድመት መንገድ ሲያቋርጠኝ «እንደምን አደርሽ» ብዬ የማልፍ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እኔም ፈራሁ። አንቺን ያለበስንሽን የአንኮበር አፈር በሕፃን ጫማ ሞላሁ! ብርቄ ሳታየኝ ጦስኙን ነቅዬ አፈሩን ደፋሁ፤ ጫማውን አጥቤ የበሳሁትን ሰፋሁት። ስፌቴ እንደ ወሬዬ ጠማማ ነው። ከዚያ በኋላ ብርቄ ስታስነጥስ እደነግጣለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ ይብስብኛል። ይኸው ምጡ ያለጊዜው መጣ። አፈሩን ስለሞላሁ ነው ወይስ ስለደፋሁ? እስኪ ከዚያ ሆነሽ የምታውቂው ካለ ንገሪኝ።

ዛሬ ጠዋት ታዬ ደግፏት ስትወጣ ባዶውን ምስማር አይታ ቆመች። «አባዬ፣ ጦስኜን የት ወሰድክብኝ?» አለችኝ። ለካ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየማለዳው መስኮቱን ከፍታ፣ ቅጠሉን በጣቷ አሽታ እያሸተተች ነበር ማቅለሽለሹን የቻለችው። ስለ አፈሩ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ስትሞላው አይቼሃለሁ። የእናቴ ጓሮ አፈር ልጄን ይጎዳል እንዴ?» ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ ሄደች። እኔም የነቀልኩትን ከቆሻሻው ውስጥ ስፈልግ ዋልኩ፤ ደርቋል።

ይህን ስጽፍ ታዬ ደወለ። ወንድ ነው። ብርቄ ደህና ናት። ልጁ ግን ትንሽ ነው፤ ማሞቂያ ውስጥ አድርገውታል፤ ሐኪሞቹ «ነገ እናያለን» ብለዋል። ታዬ ከበር ውጭ ሆኖ የቀዳውን የልጁን ጩኸት አሰማኝ። አንቺን ነው የወጣው፤ አንዴ ከጀመረ ለሌላ ሰው ተራ አይሰጥም። ቃል ሳቀች። እኔ ግን ያቺ የሐኪሞቹ «ነገ» ልቤ ላይ ተቀምጣለች።

እታገኝ፣ አልረሳሽም ማለት ቀላል ስለሆነ ሌላ ቃል ልግባልሽ። እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ ቤት አንድም ልጅ ስምሽን ሳይሰማ የመጀመሪያ ጫማውን አያደርግም። ይህ ትንሹም ይሰማል፤ ጠማማ ስፌቴን እያየ ይስቅብኛል፤ ይሳቅብኝ።

እስከዚያው ግን ብቻዬን መፍራቱ ከብዶኛል። ነገ እስኪነጋ አብረሽኝ ፍሪ።

ያው ባልሽ