አንዷን ምረጪ ቢሉኝ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እማማስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ጤናዬ ደህና ነው።

«ለዓሣ ብለሽ እንጀራሽን ረገጥሽ» ብለሽ በስልክ የጮኽሽብኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ታላቄ ነሽና ቁጣሽን ተቀብያለሁ። ጥፋተኛ ነሽ ያልሽኝን ግን አልቀበልም። ነገሩን ከሥሩ ስሚኝ።

እሠራበት የነበረው ግቢ የውሃ እንስሳት ለጎብኚ የሚታዩበት ነው። ማናቲዋንና ሬይዋን የምመግበው እኔ ነበርኩ። ማናቲዋን የውሃ ላም በያት፤ ሰላጣዋን ስታላምጥ ከንፈሯ ጥርስ እንደሌላት አሮጊት ይንቀሳቀሳል፣ ጀርባዋ ላይ የጀልባ ሞተር ቆርጧት የቀረ ጠባሳ አለ። ሕፃናት «ስትስቅ እዩዋት!» ይላሉ። ሬይዋ ደግሞ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ጠፍጣፋ ዓሣ ናት፤ አፏ በሆዷ በኩል፣ ጅራቷ ላይ መርዘኛ እሾህ። አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ስለምትውል ጎብኚው ሳያያት ያልፋል። ሐኪማችን እንደነገረን የሁለቱም ዘር እያለቀ ነው፤ አንዷን ጀልባ፣ አንዷን መረብ እየፈጃት።

ባለፈው ወር የሬይዋ ገንዳ ማጣሪያ ተሰበረ። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና «ሰው የሚመጣው ለማናቲዋ ነው። ለይቺ ብዬ ማጣሪያ አልገዛም፤ ለግቢው ሆቴል ወጥ ቤት ስጡልኝ» አለ። ሐኪሙ «አርግዛለች እኮ» ቢለው «ዓሣ ያው ዓሣ ነው» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። «እኔ ቆሜ እያለሁ ቢላ አይነካትም!» አልኩት። «አንቺ ማን ነሽና?» አለኝ። «የምመግባት ነኛ!»

ሌላው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ «አጅሬ» የምንለው ሹፌር ብቻ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ ውሃ በሞላ ትልቅ ገንዳ ጫንናትና ወደ ተያዘችበት ባሕር ወሰድናት። እስከ ወገቤ ገብቼ ለቀቅኋት። ክንፏን አራገበች፣ አሸዋውን አደፈረሰችና ጠፋች። ዞራም አላየችኝ፤ ደግ አደረገች!

ስንመለስ ሁለታችንም ተባረርን። አሁን እኔ ወደቡ ላይ የዓሣ አስጋሪዎቹን መረብ እጠግናለሁ። ሬይ በተያዘች ቁጥር «የአክስትሽ ልጅ መጣች» ብለው ይቀልዱብኛል፤ ግን ይለቋታል።

ማናቲዋን እወዳታለሁ እትዬ። ባለፈው እሑድ ትኬት ቆርጬ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አየኝና ፊቱን አዞረ፤ እኔ አላዞርኩም። እሷ ታምራለች ተብሎ ሌላዋ ትታረድ? ከቤታችን መልከ መልካሟ አንቺ ነበርሽ፤ ታዲያ እማማ እኔን ጣለችኝ?

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ። ጎረቤት «እህትሽ ለምን ተባረረች?» ብሎ ከጠየቀሽ አትሸፋፍኚ፤ ቀና ብለሽ ንገሪው።

ታናሽሽ
ከወደቡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 12 ቀን