ከሰው ነፃ የሆነ ሜዳ

ለወንድምጋሼ፣

ጤናህን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ መጽሔቱ ላይ ባለው ፎቶህ ጉንጭህ ሞልቶ ስላየሁ ተውኩት። እኛ አለን። የእማዬም ወገብ ተሽሏታል። ስልክህ የጠፋው በኔትወርክ ነው ብዬ አሳምኛታለሁ።

ለውጭ ባለሀብቶች ያዘጋጀኸው መጽሔት ደርሶናል። እማዬ በፌስታል ጠቅልላ ትራሷ ሥር አኑራዋለች። እኔ ግን ከስፌት ፋብሪካው እንደተመለስኩ ገጽ ሳላስቀር አነበብኩት። ርካሽ መብራት፣ የዐሥር ዓመት የግብር እፎይታ፣ ወጣት የሰው ኃይል። ወጣቱ የሰው ኃይል እኔ መሆኔ ነው፤ ከሌላ አገር ሠራተኛ በግማሽ ዋጋ እንደምገኝም ጽፈሃል። የገዛ እህትህን ገበያ ስታወጣ ትንሽ ብታስወድደኝ ምን ነበረበት? ‹‹የአንድ መስኮት አገልግሎት›› የሚለው ጋ ስደርስማ ሳቄ መጣ፤ የእማዬም ቤት ያለው አንድ መስኮት ነው።

ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ሳቄ ቆመ። ‹‹ከሰው ነፃ የሆነ፣ ለግንባታ የተመቸ ሜዳ›› ይላል፣ ከነፎቶው። ያንን ፎቶ ያነሳኸው እማዬ ደጃፍ ላይ ቆመህ፣ ለቤቱ ጀርባህን ሰጥተህ ነው። እሷ ፀሐይ እንዳይመታህ ከኋላህ ጃንጥላ ይዛልህ ነበር። አንተ ዓይን አውጣ! ጥላችሁ እኮ ፎቶው ግርጌ ላይ ወድቋል፤ አራት እግር፣ ከላዩ ክብ ጃንጥላ። ከሰው ነፃ ነው ያልከው መሬት ላይ እናትህ ቆማለች።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል ደህናዋ እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንጃ። እማዬ ልጄ የጻፈውን አንብቢልኝ ስትለኝ እውነቱን ማንበብ አቃተኝ። ለዚህ ያበቃችኝ እናቴ ናት ይላል አልኳት። አለቀሰች፤ ገጹንም ሳመችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልመልሰው አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ቀያሾች ችካል ይዘው መጡ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የልጄ እንግዶች ብላ ወንበር አወጣችላቸው፣ ውሃ አጠጣቻቸው። ቤቱን ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ የሚለውን ወረቀት ሲዘረጉላት አለቃቸው እንኳ ሰው ያንብብልዎት ብሏት ነበር፤ ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። እሷ ግን ልጄ ጽፎት፣ ልጄ አንብባልኝ፣ ሌላ ምን ላጣራ ብላ አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ቤቱ በዐሥራ አምስት ቀን ይፈርሳል። እሷ አታውቅም። ችካሉን ልጄ አጥር ሊያጥርልኝ ነው እያለች ለጎረቤት ታሳያለች።

ስለዚህ ና። ማስቆም ከቻልክ አስቁመው። ካልቻልክ ገጽ ዐሥራ አራትን አጠገቧ ተቀምጠህ ራስህ አንብብላት፤ አንተ ነህ የጻፍከው። እኔ ሞክሬ ነበር፣ ከአፌ የወጣው ውሸት ሆነ።

ፈጣሪ ልብ ይስጥህ፤ ከጉንጭህም ይቀንስልህ።

እህትህ

ከስሜ ሥር ያለው ሰማያዊ አሻራ የእማዬ ነው። ላንተ እየጻፍኩ መሆኔን ስታይ ምርቃቴ ይድረሰው ብላ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ አስቀባችኝ። መጀመሪያ ላንብብልሽ አልኳት። ምን አደከመሽ፣ ሁለታችሁንም አምናችኋለሁ አለችኝ።