እፍ ያልተባለው ጧፍ

እታለም፣

ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው። በሩ ዛሬም ሲከፈት ያላዝናል፤ እኔም ዛሬም ነገ አስተካክለዋለሁ እላለሁ። የልጅሽ የወይንሸት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። በሩ ተረስቶ የተከፈተ ቤት ትመስያለሽ እያልኩ አበሽቃታለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ልደቷ ነው። አዲስ አበባ በሠራሽበት ትልቅ ቤት የጌቶች ልጆች ሻማ በርቶላቸው እፍ ሲሉ አይተሽ፣ “ለልጄም ሰባት ዓመት ሲሞላት አደርግላታለሁ” ትዪ ነበር። ታመሽ ተኝተሽም ሁለት ነገር አስማልሽኝ፤ ልደቷን እንዳልረሳ፣ እሷንም ለማንም አሳልፌ እንዳልሰጥ። ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ ብዬ አልጠረጠርኩም።

አማትሽ ከወልቂጤ በአዲስ አበባ ዞረው ቡታጅራ መጡ። ሚስት የሌለው ቀልደኛ ሴት ልጅ አያሳድግም፣ የሟች ወንድ ልጄን ልጅ ይዤ እሄዳለሁ አሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ከእሳቸው ጋር ሆኑ። እኔ ደግሞ ልጅቱ ደስ ብሏት ስትኖር ይዩ ብዬ ልደቱን በዚያው ሳምንት አደረግሁት። ወሩ እንጂ ቀኑ ትዝ አይለኝም ነበር።

ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ሐጂ፣ “ልደት የሚከበረው ለጃንሆይ ነው፤ ያንተዋ ወይዘሮ ዘውድ የምትጭነው መቼ ነው?” አሉኝ። ቢሆንም ልጆቻቸውን ፊታቸውን አሳጥበው ላኩልኝ።

ዳቦው በኮባ ተጋግሮ ቀረበ። ሻማ ስላጣሁ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰባት ጧፍ ገዝቼ ዳቦው ላይ ተከልኩ። ስህተቴ ይህ ነው። ጧፉ ሲበራ ሴቶቹ ለልደት መጠራታቸውን ረሱና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ ስምሽን ጠርታ ማልቀስ ጀመረች። ወይንሸት ጉንጯን ነፍታ እፍ ልትል ጎንበስ ስትል አማትሽ ብድግ አሉ።

“የእናትሽን ጧፍ ልታጠፊ ነው? ሙት ዓመቷ ሳይወጣ?” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “በነገው አውቶቡስ ይዣት እሄዳለሁ።”

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ወይንሸት ትንፋሿን እንደያዘች አየችኝ፤ ከእኔ ምንም ስታጣ ቀስ አድርጋ በአፍንጫዋ አወጣችው።

“አያቴ፣ እስኪያልቅ እንጠብቃ” አለቻቸው።

ጠበቅን። ሰሙ ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል፣ የሐጂ ልጆች ምራቃቸውን ይውጣሉ። ወይንሸት ሄዳ አያቷ ጉልበት ላይ ስትቀመጥ አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ስትወለድ እዚያ እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። አማትሽም ጀመሩ። ዝናቡ ወንዙን ሞልቶት አዋላጇ መድረስ እንዳቃታት፣ እትብቷን የቆረጡት እሳቸው እንደሆኑ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ስቀልድ አንቺ ከነምጥሽ ጫማ እንደወረወርሽብኝ ተረኩ። ጫማው ላይ ሲደርሱ የምታለቅሰዋ ሴት እንኳ ሳቀች።

የመጨረሻው ጧፍ ሲጠፋ አማትሽ ገላመጡኝ። “ዛሬ ማርያም ነው። ልጅቱ የተወለደችው በጊዮርጊስ ነው። በቀኗ ሳላያት አልሄድም” አሉና ዳቦውን ቆረሱ።

በጊዮርጊስ ማግስት ብቻቸውን ተሳፈሩ። አምነውኝ ግን አይደለም። ለሙት ዓመትሽ ሲመለሱ የልጅቱን ፀጉር ራሴ ሠርቼ እንድጠብቃቸው፣ ካልሆነ እንደሚወስዷት አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ሹሩባ እየተማርኩ ነው። ወይንሸት በመስታወት ታየውና “አጎቴ፣ ይኼ መንገድ የት ያደርሳል?” ትለኛለች። ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ።

ስለ አንቺ በጠየቀችኝ ቁጥር የማውቀውን ሁሉ እነግራታለሁ፤ ሳቅሽንም፣ ቁጣሽንም። የማውቀው ሲያልቅብኝ ትንሽ ልጨምርበት እችላለሁ። እዚያ ሆነሽ አታጋልጪኝ።

ወንድምሽ