የመዋኛ ገንዳችን ተመርምሮ ስላለማለቁ

ለተከበሩ የቤት ግምት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎንና የአማትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ለወጉ ያህል ነው እንጂ ደህና መሆናችሁንስ ባለፈው ቅዳሜ ከገንዳችን ስትወጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንደሚያስታውሱት ቤታችንን ልንሸጥ የተነሣነው በባለቤቴ ጉልበት ምክንያት ነው። መኝታውና መታጠቢያው ፎቅ ላይ ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ትወርዳለች። ከልጃችን ቤት አጠገብ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝተናል፤ ሻጩም አዝኖልን እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቀን ቃል ገብቷል። የእኛን ቤት ሊገዛ የቆረጠ ባለ መድኃኒት ቤትም አለ። የቀረን ያለ እርሱ ቤት የማይሸጠው የእርስዎ የግምት ወረቀት ብቻ ነበር። ደላላችን ገንዳው የቤቱን ዋጋ ይጨምራል ሲል፣ ገዢው ደግሞ ቅጠል ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የሌለው ጉድጓድ ነውና ይቀንሳል ስላለ፣ እውነቱን እንዲነግሩን ወደ እርስዎ መጣን። ስለዚህ የዋህነታችን ይቅርታዎን እንለምናለን።

ቅሬታ ማቅረብ ነውር ስለሚመስለኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ. የላኩልን ባለሙያ ሜትሩን ይዞ መጥቶ በአንድ ጠዋት ለክቶ ጨርሶ ነበር። እርስዎ ግን «ውኃ ያለበት ነገር ከዳር ተቁሞ አይገመትም» በማለት ሥራውን በራስዎ ስለተረከቡ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ስንቱ ኃላፊ ለሕዝብ ሲል እግሩን እንኳ በማያርስበት ዘመን፣ እርስዎ እስከ አንገትዎ ገብተውልናል።

፪ኛ. በተከታዩ ቅዳሜ ገንዳው ለሕፃናት ያለው ጥቅም መመዘን አለበት ብለው ልጆችዎን፣ ከዚያም ለአረጋውያን ያለው ጥቅም ብለው አማትዎን ይዘው መጥተዋል። አማትዎ ተጫዋች ሴት ናቸው። ባለቤቴን በገዛ ግቢዋ ዳር ቆማ ቢያዩዋት ጊዜ፣ «እህቴ፣ ምን ዳር ያቆምሻል? እንደ ቤትሽ ቁጠሪው እንጂ!» ብለዋታል። እርሷም ከልቧ አመሰገነቻቸው።

፫ኛ. ጥልቀቱን እንዲያጠና የተመደበው የአጎትዎ ልጅ እየተንደረደረ ሲዘል ውሎ ግማሹን ውኃ ሳሎናችን አድርሶልናል። ባለቤቴ እርጥቡን ወለል ፈርታ ቀኑን ሙሉ ከሶፋው ሳትነሣ ዋለች።

፬ኛው ስለ ፎጣዎቻችን ነበር፤ ይቅር።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰውን ብቻ የሚወስድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ወርም ይወስዳል። ደረጃ የሌለውን ቤት የሚሸጥልን ሰውዬ ሌላ ፈላጊ እንደመጣበት እያፈረ ነግሮናል።

ክቡር ሆይ፣ ቀልድ የማበዛው ንዴቴን ልሸፍን ብዬ ነው። ባለቤቴ ግን አትናደድም፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ትናንት ደረጃው መሃል አረፍ ብላ፣ «ኃላፊው ገንዳውን እንዲህ ከወደደው ለምን ቤቱን ራሱ አይገዛውም?» አለችኝ። እኔም ጥያቄዋን በክብር ወደ እርስዎ አስተላልፋለሁ፤ ይገዛሉ ወይስ ይፈርማሉ?

ቅዳሜዎችዎ ሁሉ ፀሐያማ እንዲሆኑልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

በር ከፋችዎ፣ ፎጣ አጣቢዎና እስካሁን የቤቱ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሕዝብ እንዲያነበው ለጋዜጣ ከመላኬ በፊት ዛሬ ጠዋት ገንዳውን አድርቄ ለጸሐፊዎ በስልክ አስታውቄ ነበር። ከምሳ በኋላ ወረቀቱ ተፈርሞልናል፤ ባለቤቴም በወሩ መጨረሻ ከደረጃው ትገላገላለች። «ገንዳው በቤቱ ዋጋ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም» ብለው መጻፍዎን አነበብኩ። እውነትዎን ነው፤ ገንዳ ዘመድ እንጂ ዋጋ አይጨምርም። ደብዳቤውን ግን አልቀደድኩትም፤ ማዶ ያለው ጎረቤታችን፣ እርሱም ባለ ገንዳ ነውና፣ ቤቱን ለመሸጥ ሰኞ ወደ እርስዎ ይመጣል። ገንዳውን እሑድ እንዲያደርቅ መክሬዋለሁ።