እርፉን ማን ይይዛል?

ግንቦት ፲፬

ዛሬ ከቀበሌ ስብሰባ በግኜ ገባሁ። መንገዱን የሚሠራው የቻይና ኩባንያ ከመንደራችን ከገሳይ በላይ ያለውን ኮረብታ ለድንጋይ ፈልጎታል። ይውሰድ፤ መንገዱን እኛም እንፈልገዋለን። ግን የምንጠጣው ምንጭ ከኮረብታው ሥር ነው። «ከምንጩ ራቅ ብሎ ይቆፍር» ብንል፣ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ «ቻይና ታላቅ አገር ናት፤ ካስቀየምናት ጥላን ትሄዳለች» አለን።

አላስችል አለኝና ተነሣሁ። «እኔ ያለኝ አንድ በሬ ነው። ከጎረቤቴ ከአያ ታከለ በሬ ጋር አቀናጅቼ ነው የማርሰው። የሳቸው በሬ የኔን ሁለት ያወጣል። የኔ ማሳ በሚታረስበት ተራ ግን እርፉን የምይዘው እኔ ነኝ። አያ ታከለ፣ በዚህ ተቀይመውኝ ያውቃሉ?»

አያ ታከለ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «እርፉን ብትሰጠኝማ ማሳህንም እወስድልህ ነበር» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ብቻ አልሳቀም። «ይታሰብበታል» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ይበልጥ ይቆጨኛል። የኩባንያው አለቃ ቻይናው እኮ ስብሰባው ላይ አልነበረም። እሄዳለሁ ብሎም አያውቅ። እሱ ባላለው ነገር የሚያስፈራራን የኛው ሰው ነው።

ነገ ጠዋት ቻይናው ኮረብታውን ሊያይ ሲመጣ ምንጩ ላይ ቁመን እንጠብቀዋለን። የሚለው ካለ ለኛው ይንገረን።