ቤት አላዋልድም

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬም ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡሮች ትምህርት። አግዳሚው ሞልቶ ሁለቱ ቆመው አዳመጡ። የማስተማሪያ አሻንጉሊቷን ይዤ ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁ። ደም ካያችሁ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ፣ ዓይናችሁን ካጭበረበራችሁ፣ ፊታችሁ ካበጠ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ከቀነሰ... ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ተነስታችሁ ኑ።

"ገባችሁ?"

"ገባን።"

"ምን ገባችሁ?"

አንዷ ስልኳን ትነካካለች፣ አንዷ ታዛጋለች። ከኋላ ጥግ ይዛ የተቀመጠችው ብቻ አንድ በአንድ መለሰችልኝ፣ አንዱንም ሳትስት። እሷ ደግሞ የወንድሜ ሚስት ናት። ሙሽሪት እንላታለን። ካገባች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ ስሙ ግን ተለጥፎባት ቀረ። ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ስትወጣ በር ላይ ያዝኳትና "እንግዲህ ምጡ ሲጀምርሽ በቀጥታ ወደዚህ" አልኳት። መሬት መሬት አየች።

"እማማ ቤት ነው የምትወልጂው ብለዋል እኮ።"

"ቤት ማን ሊያዋልድሽ?"

"አንቺ።"

ኧረ በሕግ አምላክ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ከሥራ በቀጥታ እማ ዘንድ ሄድኩ። ወንድሜና ሙሽሪት የሚኖሩት ከእሷ ጋር ነው። የጓዳውን ክፍል ባዶ አድርጋ አጥባዋለች። አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች፣ ፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፋለች፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዎቹ ሳይቀሩ ተፈትገው ግድግዳውን ተደግፈዋል። እያዞረች አስጎበኘችኝ። ኩራቷ!

"አንቺ እያለሽ ለባዳ ላስነካት?" አለች።

"እማ፣ እዚያም ያለሁት እኔው ነኝ እኮ።"

"አንቺው ከሆንሽ ታዲያ ምን ለየው? ልጅቷን ለምን በመንገድ እናንገላታታለን?"

እናቴን በክርክር የረታ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ቢሆንም እዚያ ያለውን መድኃኒት፣ ዕቃውን፣ ሰዉን ሁሉ ዘረዘርኩላት።

"የሚያስፈልግሽን በቦርሳሽ ይዘሽ ነይ።"

"ኦክስጅኑንም በፌስታል አንጠልጥዬ ልምጣ?"

"አፍሽ እንደ ልጅነትሽ ነው። እናንተን ሁለታችሁን እዚሁ ቤት ወልጄ ምን ሆንኩ?"

ምንም አልሆነችም። ወደ ወንድሜ ዞርኩ። አናጢ ነው፣ ጓሮ የልጅ አልጋ ይልጋል። "አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት። "እናንተ እንደተስማማችሁ" አለኝና መላጉን ቀጠለ። እናንተ እንደተስማማችሁ! የሰው ሚስት ነው እንዴ የምትወልደው?

ሰኞ፣ የካቲት 10

ባለሱቋ "ቤት ልታዋልጂ ነው አሉ፣ እሰይ" አለችኝ። እማ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች። ነደደኝ። ሳሙናውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ባለፈው አማቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ ብያቸው ነበር። አንድም አማት አልመጣችም። "አማቴ ምን ልትማር? ስምንት ወልዳለች" አለችኝ አንዷ። ሁሉም ሳቁ። ሙሽሪትም ሳቀች።

ለማን ነው የማስተምረው? የሚሰሙኝ አይወስኑ። የሚወስኑት አይሰሙኝ።

ምሳ ላይ ለሲስተር ነገርኳት። ከሁላችን በፊት እዚህ የገባች አዋላጅ ናት፣ ወሬ አታበዛም። "እምቢ በያት" አለች።

"እናቴን?"

"እናትሽን።"

ለመናገሩማ ቀላል ነው። ግን ልክ ናት። ሙሽሪት ቤት ወልዳ ደም ቢበዛባት ምን ላደርግ ነው? በአንድ እጄ ማህፀን ይዤ፣ በአንድ እጄ መርፌ... ግሉኮሱን ማን ይስቀል? መኪና ማን ይጥራ? ወንድሜ? እሱማ እኛ እስክንስማማ ይጠብቃል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ለእማ ቁርጡን ነገርኳት። "ምጥ ሲይዛት ብትጠሩኝ አልመጣም። ቤት አላዋልድም። የምታገኙኝ ጤና ጣቢያ ነው።"

ሳቀች። በጣም የሚያናድድ ሳቅ አላት። "ትመጫለሽ" አለች። "አንቺን የማላውቅሽ መሰለሽ? ስታቃስት ስትሰሚ አያስችልሽም።"

እውነቷን ነው፣ አያስችለኝም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

የዛሬውን ልጻፈው።

ጠዋት ተራዬን ተረክቤ ገና ጋዋኔን ሳልቆልፍ ስልክ። ወንድሜ። "ጀምሯታል። እማ ቶሎ ነይ ትላለች።"

"የጤና ጣቢያውን መኪና እልካለሁ፣ ይዘሃት ና።"

"እማ ግን..."

"ይዘሃት ና።" ዘጋሁት።

መኪናው ሄደ። መኪናው ተመለሰ፣ ባዶውን። ሹፌሩ ግራ ገብቶት "እናትሽ አዋላጇ እየመጣች ነው፣ አታስፈልግም ብለው መለሱኝ" አለኝ። እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ቀጥሎ እማ ራሷ ደወለች። ተቆጣች፣ ለመነች፣ ልትረግመኝ ምንም አልቀራት። ከኋላዋ የሙሽሪት ማቃሰት ይሰማኛል። "አንጀት የለሽም?" አለችኝ። አለኝ እንጂ... ጋዋኔን አወለቅኩ። ቦርሳዬን አነሳሁ። በሩ ጋ ደረስኩ። ሲስተር አየችኝ። ብሄድ ሙሽሪት እዚያው ክፍል ቀረች። ብቀርስ? ብቀርና ማንም ሳይኖር እዚያው ብትወልድ? ያኔ ለራሴ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ተመለስኩና አግዳሚው ላይ ዘፍ አልኩ።

እንደገና ስልክ። አሁን ሙሽሪት ናት። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"እትዬ... አትመጪም?"

"አልመጣም። አንቺ ነይ።"

ስልኩ ተዘጋ። እንደዚያች ደቂቃ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

የሆነውን በኋላ ወንድሜ ነው የነገረኝ። ሙሽሪት ተነስታ ጫማዋን ፈለገች። እማ በሩ ላይ ቆመች። "ወዴት?" "ጤና ጣቢያ።" "በዚህ ሁኔታሽ?" "ዞር ይበሉልኝ፣ እማማ።" ያንን ቤት ከረገጠች ጀምሮ ለእናቴ እምቢ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ወንድሜም ነፍስ ዘራና ታክሲ ሊጠራ ሮጠ። እማ እያጉረመረመች ተከተለች።

ጤና ጣቢያ ደርሳ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ወዲያው አለቀሰች፣ ደህና አድርጋ። እንግዴ ልጁም ወጣ። እፎይ ልል ስል ደሙ መጣ። አልቆም አለ። ማህፀኗ እንደ ሊጥ ልፍስፍስ ብሏል። ሲስተር መርፌውን ወጋች። አንዷ ነርስ በሙሽሪት አንድ ክንድ፣ ሌላዋ በሌላው ግሉኮስ ሰቀሉ። እኔ ማህፀኗን ይዤ አሸሁ፣ ጨመቅኩ፣ ክንዴ እስኪዝል። ከንፈሯ ነጣ። "እትዬ፣ ጨለመብኝ" አለችኝ። ሁለተኛ መድኃኒት ተሰጣት። አሁንም ይፈሳል። ሲስተር ድምጿን ሳትቀይር "አትልቀቂ" አለች። አለቀቅኩም። ከብዙ በኋላ ከእጄ ሥር ጠጠር ሲል ተሰማኝ። ቆመ።

ስወጣ እማ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። የጽዳት ሠራተኛዋ በባልዲ ያወጣችውን በደም የራሰ ጨርቅ አይታለች። አላናገረችኝም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ሙሽሪት ቀና ብላ ሾርባ ጠጣች። እማ አጠጣቻት። እኔ ስገባ እማ ወጣች። ይሁን። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው? አንዳንድ ጊዜ እናቴ ስትኮርፍ ሕፃን ይሻላል።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ቤት ገብተዋል። ልጇን ስታጠባ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሙሽሪት ድንገት "ያን ቀን ጠልቼሽ ነበር" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ጫማዬን ያደረግኩት ልሰድብሽ ነው። ደርሼ ፊት ለፊት ልሰድብሽ። ከዚያ ምጡ ጠናና ረሳሁት።"

"አሁን ስደቢኝ።"

"አሁንማ ደከመኝ" ብላ ሳቀች። ፊቷ ገና እንደ ወረቀት ነጭ ነው። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ማልቀስ መጣብኝ፣ ውኃ ላምጣልሽ ብዬ ተነሳሁ።

እማ አሁንም አታናግረኝም። በሯ ላይ ሳልፍ ድስት ታንኳኳለች።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ዛሬ ስደርስ ሙሽሪትና ልጇ ተኝተዋል። ወንድሜ ጓሮ ምስማር ይመታል። እማ ሳፋው ላይ አጎንብሳ የሕፃኗን ጨርቅ ታጥባለች። ሰላም አልኳት። "ቁጭ በይ" አለች። ቁጭ አልኩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች ቀና ሳትል። እናቴ፣ ጥያቄ! "ያን ቀን ብትመጪልኝ ኖሮ... ያ ሁሉ ደም እዚህ ቤት ቢሆን ኖሮስ?"

ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት ስብከት ነበረኝ። ተውኩት። ምናለ ዋሽቼ ባሳርፋት? ግን ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችኝ።

"ትሞት ነበር፣ እማ።"

"በእጅሽ ላይ?"

"በእጄ ላይ።"

ጨርቁን ጨመቀች። እንደገና ነከረችው። ንጹሕ ነበር፣ እሷ ግን እንደገና አሸችው። የወንድሜ መዶሻ ቆም ሲል ወደ ጓሮው ተመለከተችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ይኼን ለእሱ እንዳትነግሪው።"

"አልነግረውም" አልኳት።